ትእምርተ ደዌ በአፈ ድውይ፦ በገንዳ ውሃ የተሰጠ ዲስኩር



ስለ ጤና የሚሰናዳ ዲስኩር ከሆስፒታል ሕንፃ፥ ከመሣሪያና ከመድኃኒት ብዛት መነሣቱ የተለመደ ቢሆንም፥ ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት፥ ማንም ሰው ያለ መሣሪያ በደጃፉ ሆኖ በፀሐይ ብርሃን ብቻ ሊያየው ስለሚችል ስለ አንድ ነገር ለመናገር ነው፤ ይኸውም በቫይረስ ደዌ ኃይሉ በተዳከመ ሰው አፍ ውስጥ፥ በምላሱና በላንቃው፥ በጉንጩ ውስጣዊ ገጽና በከንፈሩ ማዕዘን ላይ ስለሚወጣው የፈንገስ ምልክት ነው። በአገራችን ድውይ የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ ግንባሩን ይዳስሳል፤ ቀጥሎም የዓይኑን ቆብ ገልጦ ቢጫ መሆን አለመሆኑን ይመለከታል፤ በዚህ በቆላው ደግሞ ወባና ካላዛር ያስተማሩት ሁሉ ሆዱን ዳብሶ የጣፊያውን ማበጥ ይለያል። አፉን እንዲከፍት የሚጠይቀው ግን ጥርሱን ያመመው እንደ ሆነ ብቻ ነው። ይህ ጉድለት ቀላል መስሎ ቢታይም ሕይወት የሚያስከፍል ነው፤ ምክንያቱም ነጩ ልባጥ ራሱ ደዌው አይደለም፤ ከበስተኋላው ያለው ታላቅ ደዌ ሥጋን እንደ ወረሰ የሚናገር ትእምርት ነው እንጂ። ልባጡን ብቻ ጠርጎ፥ ያመጣውን ሳይጠይቅ ድውዩን ወደ ቤቱ የሚመልስ ባለሙያ ወይም ቤተ ሰብ፥ ምንም እንኳ ቅን ልብ ቢኖረው፥ የሰውየውን ነፍስ ለአደጋ ይተዋታል። የዛሬው ንግግሬ ሁሉ ይህን አንድ ነገር ለማስረዳት የታሰበ ነው።

ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ ከእርሾ ወገን የሚቈጠር፥ ለዓይን የማይገለጥ ረቂቅ ፍጡር ሲሆን፥ ከጤነኞች ሰዎች በግማሹ ያህል አፍ ውስጥ አንዳች ጉዳት ሳያደርስ ይኖራል። እንዳይጎዳ የሚያግደው ምራቅ ነው፤ በአፍ አብረውት የሚኖሩ ባክቴሪያዎችም ናቸው፤ ከሁሉም በላይ ግን ሌሎቹን የሰውነት ጠባቂዎች እየጠሩ የሚያሰልፉት፥ ሐኪሞች ሲዲ4 ብለው የሚጠሯቸው ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። የጤነኛ ሰው ሲዲ4 በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ500 እስከ 1,500 ያህል ነው፤ ኤች.አይ.ቪ. እነዚህኑ ሕዋሳት መርጦ እየገባ ያጠፋቸዋልና፥ ቍጥራቸው ወደ 200 እያሽቈለቈለ ከዚያም በታች ሲወርድ፥ የአረም ዘር በዋልካው አፈር ውስጥ ተኝቶ ቈይቶ አራሚ በጠፋበት ሐምሌ የሰሊጡን እርሻ እንደሚወርሰው፥ ካንዲዳም እስከዚያ ቀን በሰላም በኖረበት አፍ ላይ ይሠለጥናል። እንግዲህ ሰውየው ንጽሕና ጐድሎት ወይም ከሌላ ሰው አፍ ተጋብቶበት አይደለም፤ የሥጋው ጠባቂ ስለ ደከመ ነው። ይህን ነጥብ ጠበቅ አድርጌ የምናገረው፥ በየመንደሩ አፉ የቈሰለ ሰው ሲታይ ስለ ምግባሩ የሚነሣው ሐሜት ድውዩን አፉን በነጠላ ሸፍኖ ከሰው እንዲሸሽ ስለሚያደርገው ነው።

ይህ ትእምርት ከቫይረሱ አስቀድሞ የታወቀ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ላንገንቤክ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1839 በትኵሳት ደዌ የታመመ ሰው የነበረበትን ነጭ ልባጥ መርምሮ በውስጡ ፈንገስ አገኘ፤ ከዚያ ወዲህ ለመቶ ዓመት ተኩል ያህል ሐኪሞች ይህን ነገር የሕፃናትና የሽማግሎች፥ ወይም በሌላ ደዌ የተጎሳቈሉ ሰዎች ሕማም አድርገው ሲቈጥሩት ኖሩ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ግን የአሜሪካ መንግሥት የጤና ጥበቃ ሳምንታዊ መግለጫ ከሎስ አንጀለስ የመጣ አንድ አጭር ዜና አወጣ፤ ቀድሞ ጤነኞች የነበሩ አምስት ወጣቶች፥ እጅግ በደከመ ሰው እንጂ በጤነኛ ላይ በማይታይ የሳንባ ምች ተይዘዋል የሚል ነበር። ዓለም ይህን ዜና የኤድስ ታሪክ መጀመሪያ አድርጎ የሚያስታውሰው በሳንባው ምች ነው፤ ነገር ግን በዚያው ጽሑፍ ውስጥ አምስቱም ወጣቶች የካንዲዳ ልባጥ እንደ ነበረባቸው ተጽፏል። በዚያን ጊዜ ደዌው ስም አልነበረውም፤ ቫይረሱም የተገኘው ከሁለት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። በ1984 ደግሞ የኒው ዮርክ ሐኪሞች ባልታወቀ ምክንያት በአፋቸው ካንዲዳ የወጣባቸውን ጥቂት ሰዎች ተከታትለው፥ ከግማሽ የሚበልጡት በወራት ውስጥ ወደ ከባዱ ደዌ መድረሳቸውን ጻፉ። የደም ምርመራ ሳይኖር፥ የቫይረሱ ስም ሳይታወቅ፥ ሥጋ መድከሟን በአፍ በኩል አስቀድማ ተናግራ ነበር ማለት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ቫይረሱ በኢትዮጵያ መግባቱ በደም ናሙና የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሆን፥ የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን በ1986 ታወቁ፤ የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው ግን በእኛ አቈጣጠር በ1997 ዓ.ም. ነው። በነዚያ ሃያ በሚጠጉ ዓመታት መካከል የነበረውን መከራ ያየ ሁሉ፥ ምግብ ቀርቦለት መዋጥ ያቃተውን፥ ውሃ እንኳ እንደ ወረደ ደረቱን የሚያቃጥለውን ድውይ ያስታውሳል። ያን ጊዜ ምልክቱን ማወቅ ለሐዘን ብቻ ነበር፤ ዛሬ ግን መድኃኒቱ ስላለ ምልክቱን ማወቅ ማዳን ሆኗል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ቸል ማለታችንም የበለጠ የሚያስወቅሰን ስለዚህ ነው።

አሁን ስለ መልኩ በዝርዝር ልናገር፤ በዚህ ላይ ብዘገይ ታገሡኝ። ከሁሉ ይልቅ የተለመደው ወደ ቢጫ የሚያደላ ነጭ ልባጥ ሲሆን፥ በምላስ ላይ፥ በላንቃና በጉንጭ ውስጥ በነጠብጣብ ጀምሮ እየተጋጠመ ይሰፋል። መለያው ይህ ነው፤ ንጹሕ ፋሻ በጣት ጠቅልሎ ቀስ ብሎ ቢጠርጉት ይነሣል፤ ከሥሩም ቀይ፥ አንዳንዴም ደም የሚያዥ ገጽ ይተዋል። ሁለተኛው መልክ ብዙ ባለሙያን ያሳስታል፤ ነጭ ነገር ፈጽሞ የለበትምና። ላንቃው ቀልቶ፥ ምላሱም በመካከሉ ተልጦ ለስላሳ ቀይ ሆኖ ይታያል፤ ድውዩም በርበሬ ያለበት ወጥ እንደ እሳት አቃጠለኝ ይላል። ቀይ ሆኖ የመጣውን ይህን ፈንገስ የቫይታሚን ማነስ ነው ብሎ መሸኘት የተለመደ ስሕተት ነው። ሌላው በከንፈር ማዕዘን ላይ የሚወጣው መሰንጠቅና መቅላት ነው፤ ይህ በምግብ ማነስና በደም ማነስም የሚመጣ ስለ ሆነ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ከሌሎቹ ጋር ሲገኝ ግን ይመሰክራል።

እዚህ ላይ የማይጠረገውን ነጭ መለየት ያስፈልጋል። በምላስ ጐንና ጐን ላይ በቀጭን መስመር የቆመ፥ ፋሻ የማያነሣው ነጭ ነገር ቢታይ፥ እርሱ ፈንገስ ሳይሆን ኤፕስታይን ባር የተባለ ሌላ ቫይረስ የሚያመጣው ነው፤ ቢሆንም የሚናገረው ያንኑ የሥጋ ድካም ነውና የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ ይገባዋል። ደግሞም በዚህ በጠረፍ ከሱዳን የሚመጣውን ቶምባክ በከንፈሩ ሥር የሚያኖር ሰው፥ ትምባሆው በሚቀመጥበት ስፍራ ላይ የተጨማደደ ነጭ ገጽ ያበጃል፤ ይህም አይጠረግም፤ ውሎ አድሮ ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል ስለ ሆነ የራሱ ምርመራ ይገባዋል። ስኳር ያለበት፥ ለአስም በአፉ መድኃኒት የሚስብ፥ ሰው ሠራሽ ጥርስ ያጠለቀ፥ ወይም ለብዙ ቀን አንቲባዮቲክ የዋጠ ሰውም ካንዲዳ ሊወጣበት ይችላል። ስለዚህ ልባጡን ያየ ሁሉ በልቡ ፍርድ እንዳይሰጥ አደራ እላለሁ፤ ምልክቱ የሚያዝዘን እንድንመረምር ነው እንጂ እንድንፈርድ አይደለም።

ልባጡ ከአፍ ወርዶ ወደ ምግብ ቧንቧ ሲገባ ነገሩ ይከብዳል። ድውዩ በሚውጥበት ጊዜ ከደረት አጥንቱ በስተኋላ ሕመም ይሰማዋል፤ ምግብም ተሰንቅሮ የቀረ ይመስለዋል፤ ከሕመሙ የተነሣ መብላት ይተዋል፤ ቀድሞ የከሳው ሥጋ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይመነምናል። የዓለም የጤና ድርጅት የኤች.አይ.ቪ. ደዌን በአራት ደረጃ ሲከፍል፥ የማይለቅ የአፍ ካንዲዳን በሦስተኛው፥ የምግብ ቧንቧን ካንዲዳ በአራተኛውና በመጨረሻው ደረጃ መድቧቸዋል። ከዚህም የሚከተለው ነገር ታላቅ ነው፤ ምክንያቱም በዚሁ ድርጅት የ2017 እ.ኤ.አ. መመሪያ መሠረት፥ ለዐዋቂ ሰው ሦስተኛ ወይም አራተኛ ደረጃ መድረስ ብቻውን፥ የሲዲ4 ቍጥር ባይታወቅ እንኳ፥ ደዌው መጽናቱን ያመለክታል። የሲዲ4 መሣሪያ በተበላሸበት፥ መመርመሪያው ባለቀበት፥ ወይም የጎንደር መንገድ በተዘጋበት ሳምንት፥ በሩቅ ቀበሌ ያለ ነርስ ፋሻና የቀን ብርሃን ይዞ ይህን ውሳኔ መስጠት ይችላል። ይህን ሥልጣን የሰጠው ሳይንሱ ራሱ ነው።

ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ የሚከተለውን ሥራ ግን በብዙ ስፍራ ሲጐድል እናያለን። የአፍ ካንዲዳ ያለበት ሰው በአፉ ፈንገስ አይሞትም፤ በዚያው የድካም ወራት በድብቅ በሚመጡት ሌሎች ደዌያት ይሞታል እንጂ። ከነዚህ አንዱ ክሪፕቶኮከስ የተባለው ፈንገስ ነው፤ ከአየር ጋር በሳንባ ገብቶ ወደ አንጐል ሽፋን ይወጣል፤ በመጀመሪያ የሚታየውም ሰው ሁሉ በየቀኑ የሚያማርረው ራስ ምታት ነው። ይህ ፈንገስ በአፍ ላይ ብዙ ጊዜ አይገለጥም፤ ነገር ግን በነጩ ልባጥ የተመሰከረበት ድካም የእርሱ መግቢያ በር ነው። ራስ ምታቱ ከመጀመሩ ሳምንታት አስቀድሞ በደም ውስጥ ሊገኝ ስለሚችል፥ በአንዲት የደም ጠብታና በቀላል ወረቀት መሳይ መመርመሪያ ይታወቃል፤ ከተገኘም፥ የአንጐሉ ሽፋን ገና ያልተነካ እንደ ሆነ፥ ፍሉኮናዞል በሚባል ክኒን ይገታል። ስለዚህ ኤች.አይ.ቪ. እንዳለበት በተረጋገጠ ሰው አፍ ልባጡን ያየ ባለሙያ ሳል፥ ትኵሳት፥ የሌሊት ላብና ክሳት መኖራቸውን ጠይቆ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያዝዛል፤ የክሪፕቶኮከስ ምርመራውን ያሠራል፤ ኮትሪሞክሳዞል የተባለውን መከላከያ ክኒን ያስጀምራል፤ የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒቱንም ሳይዘገይ ይሰጣል፤ የአንጐል ሽፋን ደዌ የተገኘበት ሰው ግን የፈንገሱ ሕክምና አስቀድሞለት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቈያል።

ወገኖቼ፥ ይህን ነገር ከሌላው ከተማ ይልቅ በገንዳ ውሃ መናገር የሚገባኝ ስለ ምንድን ነው? ይህ ምድር፥ ከመተማ ዮሐንስ እስከ ቋራና እስከ ምዕራብ አርማጭሆ፥ በየዓመቱ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ፥ ለጥጥ ለቀማና ለማሽላ ቈረጣ እጅግ ብዙ ሠራተኛ ከደጋው የሚወርድበት፥ ከሱዳን ጋር የሚወጣና የሚገባው የማይቋረጥበት፥ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህም ከካርቱም ጦርነት የሸሹ ሰዎች በመተማ በር የገቡበት ምድር ነው። ከቤቱ የራቀ ጐልማሳ ለኤች.አይ.ቪ. የተጋለጠ መሆኑ የታወቀ ነው፤ በዚህ ላይ በዋልካው ስንጥቅ ውስጥና በግራር ሥር የምትኖረው የአሸዋ ዝንብ በሌሊት እየነከሰች ካላዛርን ታጋባለች። ሠራተኛው በሜዳ፥ ብዙ ጊዜም በዛፍ ሥር ያድራልና ለሁለቱም ደዌያት በአንድ ወራት የተጋለጠ ነው። ኤች.አይ.ቪ. የካላዛርን ጥገኛ ተሐዋስ ያበረታል፤ ካላዛርም የቫይረሱን መብዛት ያፋጥናል፤ ሁለቱም የሚያጠፉት ያንኑ የሥጋ ጠባቂ ነው። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላ የሚታየው የሁለቱ ደዌያት መገናኘት በዓለም ካሉት ከፍተኞች አንዱ መሆኑን ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሌሽማንያሲስ (የካላዛር) ምርምርና ሕክምና ማዕከል፥ እንዲሁም በአብደራፊ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የሠሩበት የሕክምና ስፍራ ለዓመታት የደከሙት ከዚህ የተነሣ ነው። ደዌው በዚህ ብቻ እንደማይቀርም በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ታይቷል፤ በዚያ ደጋ የተነሣው ወረርሽኝ ከቆላው ከተመለሱ ሠራተኞች ጋር እንደ ገባ ይታመናል።

እንግዲህ ለረጅም ጊዜ ትኵሳት የያዘው፥ የከሳ፥ ጣፊያው ያበጠ የቀን ሠራተኛ ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ፥ ካላዛር ነው ተብሎ ምርመራው በዚያ እንዳይቆም፥ አፉ መከፈት አለበት። ልባጡ በምላሱ ላይ ከተገኘ፥ ሁለተኛው ደዌ አብሮ እንዳለ አጥብቆ ያስጠረጥራልና የኤች.አይ.ቪ. ምርመራው ለነገ አይባልም። የሕክምናውም ዓይነት በዚህ ይለወጣል፤ ካላዛር ብቻ ላለበት ሰው ለብዙ ዘመን የተሰጠው የአንቲሞኒ መርፌ፥ ኤች.አይ.ቪ. ላለበት ሰው መርዝነቱ ይከብዳል፤ ስለዚህ የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ሁለቱ ደዌያት ለተገናኙበት ሰው በስብ የተለበጠውን አምፎተሪሲን ከሚልቴፎሲን ጋር እንዲሰጥ መክሯል። ይህ ምክር በምሥራቅ አፍሪካ በኩል የተመሠረተው በጎንደርና በአብደራፊ በተደረገ ጥናት ላይ ነው፤ ከዚህ ቆላ የተነሡ ድውያን ለዓለም ሕክምና ያበረከቱት ነገር ስለ ሆነ፥ በዚህ አገር የሚኖር ሁሉ ሊያውቀውና ሊያከብረው ይገባል።

ስለዚሁ አምፎተሪሲን ጥቂት ብናገር ከርእሴ አልወጣም። ይህ መድኃኒት በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በቬኔዙዌላ ከኦሪኖኮ ወንዝ አጠገብ ከተወሰደ አፈር ውስጥ ከተገኘ ባክቴሪያ የተሠራ ሲሆን፥ የተሠራውም ለፈንገስ ነበር፤ የካላዛር ተሐዋስ በገላው ሽፋን ላይ ከፈንገስ ጋር የሚመሳሰል ቅባት ስላለው መድኃኒቱ በእርሱም ላይ ሠራ። እነሆ አንዱ መርፌ በአንድ በኩል ካላዛርን፥ በሌላ በኩል የክሪፕቶኮከስን የአንጐል ደዌ ያክማል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ በአምስት የአፍሪካ አገሮች የተደረገ ጥናትም አንድ ጊዜ ብቻ በብዙ መጠን ሰጥቶ ከሌሎች ክኒኖች ጋር ማስከተል ለአንጐሉ ደዌ እንደሚበቃ አሳይቷል። ለካላዛር ሲባል ይህ መድኃኒት በሚመጣበት ምድር፥ በፈንገስ ለሚሞት ሰው ምን እንደ ጐደለው ሲጠየቅ፥ መድኃኒቱ የለም ከሚለው መልስ በፊት ደዌው በጊዜ ታውቆ ነበርን የሚለው ጥያቄ ይቀድማል።

ስለ ሌሎቹ ፈንገሶች በአጭሩ እናገራለሁ። ሂስቶፕላዝማ የተባለው በአፍ ውስጥ የሚያመጣው ልባጥ ሳይሆን ቍስል ነው፤ በምላስ፥ በላንቃ ወይም በድድ ላይ ጠርዙ ከፍ ያለ፥ የሚያም፥ በሳምንታትም የማይድን ቍስል ሆኖ ይታያል፤ ነቀርሳ ወይም ካንሰር መስሎ ስለሚያሳስት ከቍስሉ ተቈርጦ በመነጽር ካልታየ አይለይም። ጥቍሩ ፈንገስ የተባለው ሙኮር ደግሞ፥ ኮሮና በአገራችን መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከታወቀ ከአንድ ዓመት በኋላ፥ በሕንድ ከ40 ሺህ በላይ ሰዎችን የያዘ ነው። በዚያ የተያዙት አብዛኞቹ ስኳር ያለባቸውና ለኮሮና የስቴሮይድ መድኃኒት የወሰዱ ነበሩ። ከአፍንጫ ገብቶ አጥንትን እየበላ ይወርድና ላንቃን ያጠቍራል፤ ፊት በአንድ ወገን ያብጣል፥ ይደነዝዛል፤ ጥርሶችም ያለ ምክንያት ይነቃነቃሉ። ይህ ፈንገስ የሚፈጀው ወራት ሳይሆን ቀናት ነው፤ ቀዶ ሕክምናም ይሻል። ስለዚህ በቫይረስ ከታመመ በኋላ ላንቃው የጠቈረ ሰው የሚላከው በቀጠሮ ሳይሆን በአምቡላንስ ነው። ከስቴሮይድ ወገን የሆነውን ዴክሳሜታሶን የተባለውን መርፌ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ሰው ካለ ይህን ያስብ።

ስለ ሕፃናት ለእናቶች ልንገራችሁ። ገና የሚጠባ ሕፃን በአፉ ነጭ ልባጥ ቢወጣበት ብዙ ጊዜ የሚያስፈራ አይደለም፤ የሥጋው ጠባቂ ገና አልጠናምና። ኒስታቲን በሚባለው ጠብታ ይድናል፤ የእናቲቱም ጡት አብሮ ይታከማል። ይህ ጠብታ ሁለት ሴቶች ለዓለም የሰጡት ስጦታ ነው፤ ኤልዛቤት ሄዘን በኒው ዮርክ ከተማ፥ ራሔል ብራውን በአልባኒ ሆነው፥ የአፈር ናሙናና የምርምር ብልቃጥ በፖስታ እየተላላኩ እ.ኤ.አ. በ1950 አገኙት፤ ከመድኃኒቱ የተገኘውን ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገቢ ለራሳቸው ሳያስቀሩ ለሳይንስ ምርምር ሰጡት። ነገር ግን ልባጡ ከታከመ በኋላ ደጋግሞ የሚመለስ፥ ወይም ሕፃኑ ከመጀመሪያዎቹ ወራት ካለፈ በኋላ የሚወጣ፥ ክብደቱም የማይጨምር እንደ ሆነ፥ እናትም ልጅም ይመርመሩ። አንድ ነገር ደግሞ በግልጥ እናገራለሁ፤ ሕፃን ጡት እንቢ ሲል፥ ሲያለቅስና ሲያስመልሰው እንጥሉ ወርዶ ነው ተብሎ ወደ ቈራጭ የሚወሰድበት፥ ወይም ግግ ነው ተብሎ ድዱ የሚፈለፈልበት ልማድ ገና አልጠፋም። አፉ በልባጥ የቈሰለውን ሕፃን በምላጭ መንካት በቍስል ላይ ቍስል፥ በደም መፍሰስ ላይ መመረዝ መጨመር ነው። አያቶቻችን ሌላ መድኃኒት ስላልነበራቸው ያደረጉትን እኛ መድኃኒቱ በጤና ኬላ እያለ ልናደርገው አይገባንም።

ስለ ዐዋቂው ሕክምና የምለው ጥቂት ነው። በአፍ ብቻ ያለ ካንዲዳ በፍሉኮናዞል ክኒን ከ7 እስከ 14 ቀን፥ ወደ ምግብ ቧንቧ የወረደው ከ14 እስከ 21 ቀን ይታከማል። ያረገዘች ሴት ይህን ክኒን ከሐኪም ሳትመክር አትውሰድ። ቀድሞ ብዙ ይታዘዝ የነበረው የኬቶኮናዞል ክኒን ጉበት ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ2013 በአውሮፓ ለፈንገስ እንዳይሰጥ ታግዷል፤ በመደርደሪያ ላይ ቢገኝም ለአፍ ልባጥ አይገዛ። ከሁሉ የሚከፋው ለአፍ ቍስል ተብሎ አሞክሳሲሊን መዋጥ ነው፤ ፈንገሱን የሚያግዱትን ባክቴሪያዎች ገድሎ እርሻውን ለፈንገሱ ይለቅለታልና። ደግሞም ክኒኑ ልባጡን በሳምንት ውስጥ ስለሚያነሣው ድውዩ ዳንሁ ብሎ ይሄዳል፤ ቫይረሱ ግን በቦታው አለ። ልባጡ እንዳይመለስ የሚያደርገው የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ሲዲ4ን ከፍ ሲያደርግ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት በገንዳ ውሃ ያላችሁ የመድኃኒት ቤት ባለቤቶች የአፍ ፈንገስ መድኃኒት ለሁለተኛ ጊዜ ለሚጠይቃችሁ ሰው መድኃኒቱን ብቻ ሳይሆን የምርመራውን ምክር አብራችሁ ስጡት፤ ይህን ስታደርጉ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ፥ ሌላ ሰው በማይሰማበት ስፍራ ይሁን።

የሃይማኖት አባቶችን አከብራችኋለሁ፤ ከሁላችን በፊት ድውዩን የምታዩት እናንተ ናችሁና። ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበልና የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት አብረው እንዲወሰዱ ማስተማራቸውን ታስታውሳላችሁ፤ ያ ቃል ብዙዎችን ከሞት መልሷል። ካህኑ ጠበል ሊጠጣ የመጣ ሰው መዋጥ ሲያቅተው፥ ሼኹም ጾሙን ሊፈታ ውሃ ያነሣ ሰው በሕመም ፊቱን ሲያጨፈግግ ቢያዩ፥ ከጸሎትና ከዱዓው ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ የሚለውን ቃል አይንሡት። ከእናንተ አንደበት የወጣ ምክር ከእኔ ዲስኩር ይልቅ ይሰማል።

ለእርሻ ባለቤቶችና ለሠራተኛ አለቆች የምለው ግልጥ ነው። ሠራተኛው ለአረም በሐምሌ፥ ለአጨዳ በመስከረምና በጥቅምት ሲገባ፥ በየካምፑ ለጤና ምርመራ አንድ ቀን ይመደብ፤ የዚያ ቀን ደመወዝም አይቈረጥ። መድኃኒት የጀመረ ሠራተኛ ወደ ደጋው ሲመለስ የዝውውር ወረቀቱን ይዞ እንዲሄድ ፈቃድና ጊዜ ስጡት፤ ሁኔታው የተረጋጋ ሰው የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ መቀበል ስለሚችል፥ ሥራና ሕክምና አይጋጩበትም። የጤና ባለሙያዎች ሆይ፥ በካላዛር መዝገብ ላይ የጣፊያው መጠን እንደሚጻፍ ሁሉ የአፉ ሁኔታም ይጻፍ፤ ይህ ወጪ የለውም፤ የሚፈጀውም ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ነው።

ከዚህ ጉባኤ ስትወጡ ደግሞ፥ በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ለረጅም ጊዜ የታመመ፥ የከሳ፥ ምግብ የተወ ሰው ያላችሁ ሁሉ፥ ፈቃዱን ጠይቃችሁ፥ እጃችሁን ታጥባችሁ፥ ወደ ብርሃን አውጥታችሁ አፉን ተመልከቱለት። በምላሱ ወይም በላንቃው ላይ የሚጠረግ ነጭ ልባጥ፥ ወይም የመዋጥ ሕመም ያለበት እንደ ሆነ፥ ሳታሳፍሩትና ለሌላ ሰው ሳታወሩ ነገ ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት፤ የኤች.አይ.ቪ. ምርመራውም መድኃኒቱም በመንግሥት የጤና ተቋም በነጻ ነው።